ተሳቢ ጎጆ

«ልጄ፣ ቤት ልገዛ ነው» አሉኝ በስልክ።

እትዬ እያልሁ የምጠራቸው እኚህ ሴት በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በኦሮራ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ አብዛኛውንም ዘመን በሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተከራይተው። ሥራቸው አረጋውያንን ማጠብ፣ ማንሣትና ማስተኛት ነው። አሁን እርሳቸውም ስድሳን አልፈዋል፤ ወገባቸውም ከሚያነሷቸው ሰዎች ወገብ እምብዛም አይሻልም። ደሴ ላይ ለእናታቸው ባለ አራት ክፍል ቤት አሠርተዋል፤ በዚያ ቤት ግን ያደሩት ሌሊት ቢደመር አርባ አይሞላም። እንግዲህ ለእኚህ ሴት «ቤት ልገዛ ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ይገምት።

«እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ ሳልጨርስ ፎቶግራፉ ደረሰኝ። ቤቱ ጎማ ነበረው። አሜሪካውያን በበጋ ከመኪናቸው ኋላ አሥረው ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ የሚጎትቱት፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅና ክርን የማያስዘረጋ መጸዳጃ ያለው ተሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ፣ ርዝመቱ 24 ጫማ፣ ዋጋውም 4,000 ዶላር።

«የአራት ወር ኪራዬ ማለት እኮ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አባዝቼም አካፍዬም አየሁት። ከዚያ ወዲያ ያለው ወር ሁሉ ለእርሳቸው ትርፍ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ይህን ሒሳብ ቢሠራ ማን ይፈርድበታል?

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሻጩ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ተራራ መውጣት የተወ ሽማግሌ ነው። እኔም የማውቀውን ያህል ተሳቢውን ዞሬ መረመርሁት። የእነዚህ ጎጆዎች ጠላት ውኃ ነው። ጣሪያቸው ብዙውን ጊዜ ስስ የጎማ ምንጣፍ ነው፤ መጋጠሚያው የሚደፈነው ማስቲሽ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በፀጉር ስንጥቅ የገባ ጠብታ በግድግዳው እንጨት ውስጥ ዓመታት ሙሉ ማንም ሳያየው ይወርዳል። ውጭውን ሲያዩት ግድግዳው ቃጠሎ እንዳገኘው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ውስጡን ሲረግጡት በመስኮት ሥርና በመጸዳጃው ዙሪያ ያለው ኮምፔንሳቶ እግርን ይቀበላል። ጠረኑም አለ። ሻጭ ግድግዳ ቀብቶ፣ ምንጣፍ ለውጦ ሊያስውብ ይችላል፤ የሻጋታን ጠረን ግን ቀለም አይሸፍነውም።

ጎማዎቹ አዲስ ይመስሉ ነበር፤ ጥርሳቸው አልተበላም። ጎንበስ ብዬ በጎናቸው የታተመውን ቁጥር አነበብሁ፤ 3211 ይላል። በ2011 በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ብዙውን ዕድሜውን ቆሞ የሚያሳልፍ የተሳቢ ጎማ በመሮጥ ሳይሆን በማርጀት ነው የሚሞተው። ፍሪጁ ግን ደስ አሰኘኝ። ሞተር የለውም፤ በአሞንያና በጋዝ ነበልባል ሙቀት ያቀዘቅዛል፤ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ቀጥ ብሎ በተስተካከለ መሬት ላይ መቆም ብቻ ነው። (እሳት በረዶ ሲሠራ ከማየት የበለጠ የሚያስገርም ነገር በዚያ ጓሮ አላየሁም።) እትዬ ያመጡኝ ትንሽ ኮሮላ ይህን ሁሉ ሊጎትት እንደማይችል፣ ጠንካራ ፒክአፕ መከራየት እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው ሳቁ።

ሽማግሌው ሐቀኛ ሰው ነበር። «እዚህ ጋ ትንሽ ያፈስሳል» ብሎ በጣቱ አሳየን። ወዴት ልትወስጂው ነው ሲላቸው እትዬ «እኖርበታለሁ» አሉት። ጥቂት ዝም አለና በአንዲት ቃል ጠየቃቸው፤ «የት?»

ከዚያች ቀን ወዲህ ይህች ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለ ርካሽ ተሳቢ የሚጻፈውና የሚነገረው ሁሉ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ዋጋው ነው። ጣሪያ ይጠገናል፣ ጎማም ይለወጣል። ድሀ ተሳቢ ሲገዛ የሚገዛው ግን መሬት የሌለው ጣሪያ ነው፤ መሬቱን ደግሞ በ4,000 ዶላር የሚሸጥለት የለም።

ሕጉን እንይ። በአሜሪካ በፋብሪካ ተሠርቶ ለመኖሪያ የሚሸጥ ቤት ከሰኔ 1976 ጀምሮ የፌዴራል የቤት ደረጃን ማሟላት አለበት። ተሳቢው ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ምክንያቱም በሕግ ዓይን ቤት ሳይሆን ለመዝናኛ የሚውል ተሽከርካሪ ነው። ባለቤትነቱ የሚመዘገበው እንደ መኪና ነው፤ ዋጋውም እንደ መኪና በየዓመቱ ይወርዳል። ግድግዳውም ለሰኔና ለሐምሌ የታሰበ ስስ ግድግዳ ነው። የዴንቨር የጥር ሌሊት ሲመጣ የውኃው ጎማ ይደርቃል፣ የፍሳሹ ታንከር ይጋገራል። ለመሞቅ ሲባል ምድጃ ለኩሶ የሚያድር ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው በመስኮቱና በግድግዳው ላይ እንደ ላብ የሚወርድ እርጥበት ነው፤ ጋዝ ሲነድ ውኃ ይወልዳልና። ሁለተኛው ሽታ የሌለው፣ ሰውን በእንቅልፉ የሚወስደው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጢስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስንና አካባቢዋን ካጠፋ በኋላ መንግሥት ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ከመቶ ሺህ በሚበልጡ ተሳቢዎችና ተንቀሳቃሽ ቤቶች አስጠለላቸው። ነዋሪዎቹ ዓይናችን ተቃጠለ፣ ራሳችን ታመመ፣ ደም ነሰረን ብለው ጮኹ። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 519 መጠለያዎች ተመርምረው በአየራቸው ውስጥ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ፎርማልዲሃይድ ተገኘ፤ በተራ የአሜሪካ ቤት ከሚገኘው በእጅጉ የላቀ ነው። ከኮምፔንሳቶውና ከሙጫው የሚወጣ ጋዝ ነው። ከዚያስ? መንግሥት ተሳቢዎቹን «ለመኖሪያ አይውልም» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፎ በጨረታ ሸጣቸው። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዘይት ፈስሶ ባሕሩ ሲጠረግ የጠራጊዎቹ ማደሪያ ሆነው ተገኙ፤ ከአንዳንዶቹ ላይ ማስጠንቀቂያው ተልጦ ነበር። አንድ ዕቃ ለመኖሪያ እንደማይውል ጽፎ እየለጠፉ፣ መኖሪያ ለሌለው ሰው በሚቀምሰው ዋጋ ማቅረብ ምን ይባላል? ለእኔ እጅን የመታጠብ ሥርዓት ነው፤ ጲላጦስ ያደረገውን ማድረግ ነው።

ወደ «የት?» እንመለስ። ተሳቢ የሚቆምባቸው፣ ውኃና መብራት ያላቸው ኪራይ ቦታዎች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከተሠራ አሥር ዓመት ያለፈውን ተሳቢ አይቀበሉም፤ የግቢውን መልክ ያበላሻል ይላሉ። ርካሹ ርካሽ የሆነው ስላረጀ ነው፤ ስላረጀ ደግሞ ማረፊያ ያጣል። በምዕራቡ የፌዴራል መሬት ላይ በነጻ ማደር ይቻላል፤ በአብዛኛው ግን ለአሥራ አራት ቀን ነው፣ ከዚያ ተነሥ ይባላል። በመንገድ ዳር ካቆሙትስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከኦሪገን ከተማ ከግራንትስ ፓስ በመጣ ክርክር፣ ከተሞች በአደባባይ የሚያድሩ ሰዎችን መቅጣት እንደሚችሉ ወስኗል። የቤት አልባዎች ቆጠራ ሲደረግም በመኪናው የሚያድር ሰው መጠለያ እንደሌለው ይመዘገባል። ስትገዛው ተሽከርካሪ ነው፤ ስታድርበት ቤት አልባ ያሰኝሃል፤ ስታቆመው ደግሞ ያስቀጣሃል።

ሥነ ጽሑፍ በዚህ ነገር ላይ ንጹሕ አይደለም። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960 በፒክአፑ ጀርባ ጎጆ አስገጥሞ፣ በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ሰይሞ፣ ከውሻው ከቻርሊ ጋር አሜሪካን ዞረ፤ መጽሐፉ በ1962፣ የኖቤል ሽልማት ባገኘበት ዓመት ታተመ። እኔም ሳነብበው መንገድ መንገድ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። በመንገዱም በተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን አግኝቶ ሥር የሌለው ኑሮ አይከብድም ወይ ብሎ መጠየቁን አልዘነጋም። ሆኖም ጠያቂው በሳግ ሃርበር፣ በባሕሩ ዳር፣ የሚጠብቀው ቤት ነበረው። የኤርስትሪም ተሳቢ መሥራች ዋሊ ባያምም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1960 ተከታዮቹን አሰልፎ፣ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ተሳቢዎች አስከትሎ፣ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ ሲጓዝ የኛንም አገር ጭቃ ቀምሷል፤ አዲስ አበባም ሲገቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። በ1952 ዓ.ም. እነዚያን የብር እንቁላሎች በመንገድ ዳር ቆሞ ያየ የገጠር ሰው ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ባለ ተሳቢዎቹ ግን አገራቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። መንገድ የሚጥመው የሚመለስበት ላለው ነው።

በተቃራኒው የጄሲካ ብሩደርን «ኖማድላንድ» ያነበበ ሰው ሊንዳ ሜይን ያስታውሳል። (መጽሐፉ በ2017 ታትሞ፣ ፊልሙ በ2021 ኦስካር ወስዷል፤ እኔ ግን መጽሐፉን አስበልጣለሁ። ፊልሙ የፀሐይ መጥለቂያ ይወዳል።) ሊንዳ ሜይ የጡረታ ዕድሜ ላይ ደርሳ በ1974 በተሠራች አሥር ጫማ ብቻ በምትረዝም ተሳቢ ውስጥ ትኖራለች፤ በካምፕ ጥበቃና በመጋዘን ሥራ ትሰማራለች። ነጻነቷን ትወድዳለች፤ ትስቃለች። ሕልሟ ምንድን ነው? በአሪዞና በረሃ ቁራሽ መሬት ገዝቶ፣ የማይነቃነቅ ቤት መሥራት። ጎማን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት የተመኘችው መሬትን ነው።

ቤት ተንቀሳቃሽ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአፋር ሴት ቤቷን ነቅላ በግመል ትጭናለች። ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩትን ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ጎረቤት ተጠራርቶ ተሸክሞ ያዛውረዋል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። ታዲያ አፋሩ ግመሉን የሚያወርድበት ሜዳ ጎሳው የሚያውቅለት ሜዳ ነው፤ የዶርዜውም ቤት የሚተከለው በገዛ ግቢው ነው። አማርኛችንስ «ጎጆ ወጣ» ሲል ስለ ሣርና ስለ ጭቃ ብቻ መቼ ይናገራል? የወጣው ሰው የሚገባበት ቦታ እንዳለ አስቀድሞ አስቦ ነው።

እኔ ተሳቢ መግዛትን አልነቅፍም። ሃያ ዓመት ኪራይ የከፈለ ሰው በራሱ ቁልፍ የራሱን በር ለመክፈት መጓጓቱ ክብር እንጂ ሞኝነት አይደለም፤ «እንዴት በመኪና ውስጥ?» ብለው አፍንጫቸውን የሚነፉ ወገኖቼም ምድር ቤታቸውን በስንት እንደሚያከራዩ ባስታወሱ እወድድ ነበር። የምለው ይህን ነው፤ የቦታው ውል በእጅ ሳይገባ ለተሳቢው ቀብድ አይከፈል። ከተሞችም፣ ርካሽ ቤት ሊሠሩ ካልቻሉ፣ ቢያንስ ያረጀ ተሳቢ ውኃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር አግኝቶ ክረምቱን የሚያሳልፍበት መሬት ይከልሉ። ከልካይ ሕግ ለማውጣት ጊዜ አላጠራቸውም።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በማግስቱ ደወሉ። «ሽማግሌው 3,200 አድርጎልኛል፤ እስከ ወር መጨረሻም ለሌላ አልሸጥም ብሏል። አንተ ቦታውን ፈልግልኝ» አሉኝ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሬ ስድስት ቦታ ደውያለሁ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ የሰውየዋ ስም አልነበረም፤ ተሳቢው የተሠራበት ዓመት ነበር። ሰባተኛዋ «1998» ስላት ስልኩን አልዘጋችውም፤ «ፎቶግራፉን ላክልኝ እስቲ» አለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።