ጫማ ያወለቀና ጫማ የሌለው

ሐምሳን ከተሻገረ በኋላ ሩጫ የሚጀምር ሰው ወይ ሐኪም አዞታል፣ ወይ ጓደኛ አሳስቶታል። እኔን ያሳሳቱኝ ጓደኞቼ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጎጃም መንገድ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ለበጎ አድራጎት ሊሮጡ የተሰባሰቡ ወዳጆቼ ጎትተው ጃንሜዳ አወጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንገናኛለን። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ፋርማሲስት አለች፣ መምህራን አሉ፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ኮንትራክተር አለ። የመጀመሪያውን ወር ሳል እንጂ ሩጫ አልሮጥንም ማለት ይቻላል።

ዕቅዱ ግማሽ ማራቶን ነው፤ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል። ቦታውም ተመርጧል። ቡሬን አልፈን፣ ከጥሊሊ ወደ ሰከላ በሚያስገባው መንገድ ሮጠን ግሽ ዓባይ፣ የዓባይ ምንጭ ላይ እንጨርሳለን። እያንዳንዳችን ለምንሮጣት ለእያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ገንዘብ የሚከፍል ዘመድ ወዳጅ እንፈልጋለን። በሚሰበሰበው ገንዘብ ለአካባቢው ተማሪዎች ጫማ ይገዛል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድም ቃል የለኝም።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ነው። አንዱ ወዳጃችን ብድግ አለና፣ «የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር ለምን ጫማችንን አውልቀን አንሮጥም? ለአበበ ቢቂላ መታሰቢያ፣ ጫማ ለሌላቸው ሕፃናት አጋርነት!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፎቶ አንሺ ይዘን እንሂድ ተባለ። አረንጓዴው መስክ፣ ቀዩ አፈር፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ የከተማ ሰው! ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህ፤ የጥሪውን ጽሑፍ አሳምረህ ጻፍልን» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር እንኳ እምቢ አለኝ። የዛሬው ጽሑፌ ያን ጊዜ ያልጻፍኩት ጥሪ ነው፤ ተገልብጦ።

ከአክስቴ ልጀምር። ቡሬ አካባቢ ትኖር የነበረች አክስት ነበረችኝ። ልጅ ሳለሁ ቤቷ ስሄድ የሚገርመኝ ነገር፣ እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ ላይ አለመነሳቷ ነበር። እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ሸሽጋ ትቀመጣለች። ሠርግ ሲኖር እንጀራው በእሷ እጅ ይጋገራል፤ እሷ ግን ከጓዳ ወደ ዳሱ አትወጣም። አንዳንዱ መጋኛ መትቷት ነው ይላል፤ ሌላው ክፉ ነገር ረግጣ ነው ይላል። እኛ ዘመዶቿ ደግሞ ዝም እንል ነበር። ምክንያቱም ወሬው ከወጣ «ከዘራቸው ነው» ይባልና ሴት ልጆቿን የሚያገባ ይጠፋል። አክስቴ ዝሆኔ ነበረባት። ዕድሜ ልኳን ያንን ቀይ አፈር በባዶ እግሯ ረግጣለች፤ ያንን በፎቶ ሊያምርልን የነበረውን አፈር።

ብዙ የተማረ ሰው ዝሆኔ ሲባል የሚያስበው በወባ ትንኝ ዓይነት ንክሻ የሚተላለፈውን ነው። የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ዝሆኔ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር ከአፈሩ ጋር አያይዘውታል፤ ሕክምናውም ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው፣ ዝናብ የጠገበው ቀይ አፈር በጣም የደቀቁ ቅንጣቶች አሉት። እነዚህ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቱቦዎችን ያቆስላሉ። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይነሳል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርግ በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለ አሳይተዋል። «ከዘራቸው ነው» ያለው ጎረቤት ግማሽ እውነት ይዞ ነበር ማለት ነው። የሳተው ግማሽ ግን ትልቁ ነው፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ አይታመምም!

ወደ ግሽ ዓባይ ስንሄድ ከመኪና መስኮት ሆነን «እንዴት ታምራለች!» የምንላት ደምበጫ አለች አይደል? በእሷና በደብረ ኤልያስ ወረዳ ቤት ለቤት የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 15 ዓመት ከሞላቸው ከ100 ሰዎች ከ3 በላይ የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አግኝቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ወላይታ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን እንደሚያጣ ያሳያል። እንግዲህ አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እያዩን፣ እኛ ደህና ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን በባዶ እግራችን እየሮጥን ስናልፍ!

«አበበስ?» ትሉኛላችሁ። መልካም፣ አበበን እናንሳ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ያን ቀን የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው እንጂ ባዶ እግርን ሊያስተምረን አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ከአንድ ወር ጥቂት ቢበልጠው፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሦስት ደቂቃ ፈጥኖ! ታዲያ በየካፌው ግድግዳ የምንሰቅለው የቱን አበበ ነው? የሮሙን ነው። ጫማ ያደረገው፣ የፈጠነው አበበ የት ሄደ? ፈረንጁ በባዶ እግራችን ተደነቀ፤ እኛም በፈረንጁ አድናቆት ተደነቅን። ከዚያ ወዲህ ጫማ ማጣት ቅርስ ሆነ።

በግሽ ዓባይም ቢሆን በባዶ እግር ለመሮጥ የመጀመሪያዎቹ እኛ ባልሆንን ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 እዚያ ኮረብታ ላይ ሲደርስ፣ ወደ ምንጩ የሚወርድ ሰው ጫማውን ማውለቅ እንዳለበት ተነገረው። ጫማውን ወርውሮ ቁልቁል ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ክፉኛ እንደወደቀ ራሱ ጽፏል። እዚያ ከደረሰ በኋላ በምንጩ ውኃ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ቀድሞት እዚያው ቦታ መድረሱን ግን ሊቀበል አልወደደም። ብሩስ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ጫማውን አድርጎ ሄደ፤ አገሩ ገብቶ አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። መንገዱን ያሳየው የአገሬው ሰውስ? እሱማ እንዲያው ባዶ እግሩን ቀረ።

ልዩነቱ ይኸው ነው ወዳጆቼ። ማውለቅ የሚችለው ያለው ሰው ነው። ምእመን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን ሲያወልቅ ያለውን ትቶ ለፈጣሪው ዝቅ ይላል፤ ይህን የምነካበት አፍ የለኝም። የሌለው ሰው ግን ምኑን ያወልቃል? የእሱን እጦት ለአንድ ኪሎ ሜትር ተውሶ መልበስ አጋርነት አይባልም። ጨዋታ ነው፤ ያውም በሰው ቁስል።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው ተናገርኩ። ሐሳቡን ያመጣው ወዳጄ ረጋ ብሎ አዳመጠኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይተቻሉ፤ እስከዛሬ ግን ለስንት ልጅ ጫማ ገዝተዋል?» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። እንዲያውም የእኔ ጥፋት ከእሱ ይብሳል። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ባዶ እግሩን ጤዛ እየረገጠ ስለሚሄድ እረኛ የተጻፈ ሁሉ «እንዴት ያለ ውብ ምስል ነው!» እያልኩ አስተምሬያለሁ! አንድም ቀን «እግሩን ይመመው ይሆን?» ብዬ አልጠየቅኩም። አክስት ያለኝ እኔ!

ስለዚህ የበጎ አድራጎት ሩጫ ጠላት አይደለሁም፤ ልብ በሉልኝ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ሲጀመር «ሥራ ፈቶች» ያልን ሰዎች አፍረናል፤ ሩጫው ለብዙ በጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። ካናዳዊው ወጣት ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1980 በካንሰር አንድ እግሩን አጥቶ በሰው ሠራሽ እግር ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ሊያሰባስብ ሮጠ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሕመሙ አገርሽቶ አስቆመው። በዓመቱም ሞተ። እሱን ግን ልብ በሉ፤ በራሱ ቁስል ነው የሮጠው። የሌላውን ሰው ቁስል ለትርኢት አልተዋሰም።

የእኔ ጠብ ከሩጫው በኋላ ካለው ዝምታ ጋር ነው። ጫማ ሰጥተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ካናቴራችንን አጥበን እንሰቅላለን። ጫማ ግን ያልቃል፣ የልጅ እግር ደግሞ ያድጋል። ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል፤ አንድ ጫማ ያለው ልጅ እንዳያልቅበት በእጁ ይዞ ሄዶ ከተማው መግቢያ ላይ ነው የሚያደርገው። አንዴ የታመመ እግር ደግሞ ጫማ ብቻ አይበቃውም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ሕክምናው ይኸው ነው። የትኩሳቱና የሕመሙ መነሳት ወደ አምስተኛ እጅ በሚጠጋ ቀነሰ። ተአምር አይደለም። ግን ቀን በቀን ይሠራል። ቀን በቀን የሚሠራ ነገር ደግሞ ልምምድ ነው፤ ጃንሜዳ ላይ የተማርነው እኮ ይህንኑ ነው!

ከዚህ ላይ የውኃውን ነገር ጨምሩበት። እግር በየቀኑ የሚታጠበው በውኃ ነው። ውኃው ደግሞ በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው፤ እንስራ ወይም ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ከእኛ ግማሽ ማራቶን የበለጠ ትለማመዳለች፤ የሚያጨበጭብላት የለም እንጂ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት አርጅቷል፤ ነገሩ ግን አላረጀም።

እንግዲህ ለሩጫ የሚሰባሰቡ ሁሉ ይስሙኝ። ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው ማሳው ሲበዛበት ጅጊ ይጠራል። ጎረቤቱ መጥቶ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ባለማሳው ጠላውን ይዞ መሐላቸው ነው የሚውለው። ማንም ማሳውን ፎቶ አንስቶት አይሄድም፤ በተራው ደግሞ ሁሉም ይጠራል። የእኛም ሩጫ እንዲህ ይሁን። ሕመምተኛው መነሻው መስመር ላይ ይቁም፤ ይናገር፤ እሱም ኮሚቴ ይሁን። የተሰበሰበው ብር እንደ እድር ሒሳብ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ተይዞ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ለአገሬው ይነበብ። የጫማው ስጦታ ለአንድ ቀን ሳይሆን እግሩ እስኪያድግ ይቆይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጤና ጥበቃን ሥራ በካናቴራ እንሸፍናለን ብለን አንታለል። መንግሥት ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የተዘነጉ ሐሩራማ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ አስገብቶታል። የተጻፈውን መጠየቅ ከሩጫው የሚከብድ ግዴታችን ነው።

ሩጫው አልተካሄደም። እኛ ስንጨቃጨቅ ጊዜው አለፈ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጎጃም ጦርነት ገባ። መንገድ ሲዘጋ ሳሙናና ፋሻም እንደማይደርስ ለማወቅ አጥኚ አያስፈልግም። አክስቴ ይህን ሁሉ ሳታይ አርፋለች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሕመሟ የራሷ ኃጢአት ይመስላት ነበር፤ የአፈር ትቢያ መሆኑን የነገራት ሰው የለም። የተማርን ዘመዶቿም አልነገርናት።

ሰላም ሲወርድ እነዚያ ወዳጆቼ እንደገና እንደሚነሱ አውቃለሁ፤ ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች አይደሉም። ጉልበቴ ከፈቀደ እኔም እሰለፋለሁ፤ ጫማዬን ግን አላወልቅም። ከጠበሉ ደጅ ስደርስ ብቻ እንደማንኛውም ምእመን አወልቃለሁ። እዚያ ደግሞ ፎቶ አንሺ እንዳይከተለኝ።