የሚረጭ መከላከያ የትኛውን ፎቶግራፍ ያድናል?

ከ18 ማዞሪያ እስከ አየር ጤና በኮልፌ ቀራኒዮ የሚገኝ ፎቶ ቤት የገባ ደንበኛ መጠኑንና ዋጋውን ይጠይቃል፤ «የሚታተመው በምን ቀለም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ከዋጋው ሊቀድም ይገባል። በሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሟች ወላጅ ምስል ለልጅ ልጅ ይተርፍ ወይም በጥቂት ዓመታት ይገርጣ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነውና።

የኢንክጄት ማተሚያ ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። ዳይ የሚባለው በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ሲሆን፣ ፒግመንት ግን ሳይሟሟ በደቃቅ ጠጣር ቅንጣት መልክ የሚንሳፈፍ ነው። የዳይ ሞለኪውሎች ተበታትነው ስለሚቀመጡ ብርሃን፣ ርጥበትና ኦዞን በቀላሉ ይደርሱባቸዋል፤ በፒግመንት ቅንጣት ውስጥ ግን የላይኞቹ ሞለኪውሎች ለውስጦቹ ጋሻ ይሆናሉ። ቶሎ የሚደርቀው ባለ ቀዳዳ ወረቀት ደግሞ አየሩን እንደ ስፖንጅ ያስገባል። በ2000 እ.ኤ.አ. ኤፕሰን 870 እና 1270 የተባሉት ማተሚያዎች ገበያ ላይ ሲውሉ የብዙ ተጠቃሚዎች ፎቶግራፍ በአጭር ጊዜ ወደ ብርቱካንማ ተለውጦ ነበር። ኦዞን ሲያን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ሲያጠፋ ማጀንታውና ቢጫው ብቻቸውን ቀሩ፤ ለዚህም የፀሐይ ብርሃን አላስፈለገም።

በጣሳ የሚሸጠው አክሪሊክ መከላከያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ሸፍኖ ጋዝና ርጥበት እንዳይገቡ ያግዳል። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጥ ኬሚካል የተጨመረበትም አለ። ይሁን እንጂ ዳይን የሚያገረጣው የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ፣ በመስኮት ትይዩ የተሰቀለን ፎቶ ርጭት ብቻውን አያድነውም። በፒግመንት ታትሞ በመስታወት ፍሬም ለሚገባ ፎቶ ደግሞ ገንዘቡን ለጣሳው ከማውጣት ለጥሩ ፍሬም ማዋል ይሻላል። የፀጉር ስፕሬይን በምትኩ መርጨት ጨርሶ አይመከርም፤ ለፀጉር እንጂ ለወረቀት አልተሠራም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የመከላከያው አሟሚ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል፤ ጠብታዎቹም ከወረቀቱ ሳይደርሱ ከደረቁ ገጹ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣሳው ላይ የተጻፈው ርቀት ለእኛ ከፍታ ታስቦ ላይሆን ስለሚችል አስቀድሞ በብጣሽ ወረቀት ላይ ቀረብ፣ ራቅ እያሉ መሞከር ያስፈልጋል። በክረምት ሌላ ችግር አለ። የሚተነው ፈሳሽ ሙቀትን ከገጹ ይወስዳል፤ ገጹ ሲቀዘቅዝ የአየሩ ርጥበት በላዩ ይጤዛል፤ ነጭ ጉም የመሰለ ሽፋንም ይቀራል። ስለዚህ ፎቶው ከታተመ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ዝናብ በሌለበት ቀንም ስስ ስስ ሆኖ፣ በየመሐሉ እየደረቀ፣ ደጋግሞ ይረጭ። በአንድ ጊዜ ማርጠብ ቀለሙን ያስኬዳል።

ጣሳውን የሚገፋው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ተቀጣጣይ ነው። የቡና ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ መርጨት አይገባም፤ የአቧራ መከላከያ ጭምብልም የአሟሚውን ትነት አያግድም። ሥራው በደጅ ይሁን።

ጥንታዊውን ቅጂ ግን አትንኩት! ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቦያጅያን ቤተሰብ በአዲስ አበባ ያነሣቸው ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ምስላቸው የተሠራው ከብር ማዕድን ነው። የተረጨ ሽፋንን ያለ ጉዳት መልሶ ማንሣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ኦሪጅናሉ በስካነር ይገልበጥና የሚረጨው ግልባጩ ይሁን።

ፎቶ ቤቶች የቀለሙን ዓይነት፣ ወረቀቱንና የታተመበትን ቀን በፎቶው ጀርባ በእርሳስ ቢጽፉ ምን ይቸግራቸዋል? እስከዚያው ተማሪዎች ራሳችሁ ልትመረምሩ ትችላላችሁ። አንድን ምስል ሁለት ጊዜ አሳትሙ፤ አንዱን ብቻ ርጩ፤ የሁለቱንም እኩሌታ በጥቁር ካርቶን ከልላችሁ መስኮት አጠገብ አቁሙ። የተከለለውም ክፍል ከተለወጠ ጥፋተኛው ብርሃን ብቻ አይደለም። ካርቶኑ ግን ከፎቶው ጥቂት ሚሊሜትር ይራቅ፤ አለዚያ አየሩንም ይከለክላል።