«የእጅ ሥራ እኮ ነው» ብሎ ነገር የለም!

የዛሬው ጉዳዬ ከጋዜጠኝነት የራቀ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከፖሊመር ክሌይ የጆሮ ጌጥ እየሠራሁ እሸጣለሁ። የፎቶ ኮፒና የካርድ ወጪዬን የምሸፍነው በዚሁ ነው። ታዲያ ባለፈው ወር አንዲት የ4ኛ ዓመት ተማሪ ለእህቷ ሠርግ ሚዜ ስለሆነች ነጭ የጆሮ ጌጥ አዘዘችኝ። ሠርቼ፣ አክስቴ ቤት ጋግሬ ሰጠኋት። በማግስቱ ይዛው መጣች። «ይሄ ምንድን ነው?» ነጩ ላይ ከሹራቤ የወጣ ቀይ ክር ተጋግሮ ቀርቷል! «የእጅ ሥራ እኮ ነው፤ ትንሽ እንከን አያጣውም» አልኳት። ምንም ሳትናገር አስቀምጣው ሄደች። ብሯን ብመልስላትም ሐፍረቱ አልለቀቀኝም።

በእኔ አስተያየት ያ መልሴ ስህተት ነበር። የጣት አሻራ ቢታይ የሠሪው ምልክት ነው ይባል፤ የሹራብ ክር ግን የግዴለሽነት ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖሊመር ክሌይ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ አፈር የለበትም። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከማለስለሻ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሳይጋገር ያገኘውን አቧራ ሁሉ ይለቅማል። እኔ የምጠቀምበት ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴንትግሬድ ለ30 ደቂቃ ሲጋገር ይጠነክራል፤ የለቀመውም ቆሻሻ አብሮት!

«ውኃ በሚጠፋበት ዶርም እንዴት ንጹሕ ይሆናል?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዛ እል ነበር። ግን እጅ ለመታጠብ አንድ ጆግ ውኃ ይበቃል። በሶፍት አታድርቁት፤ እሱ ራሱ ብናኝ ይተዋል። ከዚያ አንድ ቁራሽ ነጭ ክሌይ በመዳፋችሁ አሹ፤ የቀረውን እድፍ ይዞ ይወጣል፣ ቁራሿንም ለብቻዋ አስቀምጧት። ሹራብ አውልቁ። በተወለወለ መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ ሥሩ። ከነጭ ጀምራችሁ ወደ ቀይና ጥቁር ሂዱ እንጂ አትገልብጡት። የተረፈውን በላስቲክ ጠቅልሉ። ክር ካያችሁም ከመጋገሩ በፊት አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ከተጋገረ በኋላ አንዱ አማራጭ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው፤ ጠልቆ የገባውን እሱም አያወጣውም።

ወደ ሙያችን ስመለስ፣ የሰው ስም አበላሽተን ካተምን በኋላ «የተማሪ ሥራ እኮ ነው» ብንል ማን ይሰማናል? ማስተባበያ ይወጣል፤ ግን ጋዜጣው አንዴ ተሰራጭቷል። እርማት ከኅትመት በፊት ነው።

ልጅቷ ለሠርጉ ከሱቅ ገዝታ አደረገች። እኔም ነጭ ስሠራ ሹራቤን አልጋ ላይ መተው ለምጃለሁ፤ ብርድ ቢሆንም!

ቸር እንሰንብት።