ግፊቱን ማን ያስተካክለው?

የዛሬው ጉዳያችን ከራሴ ቤተሰብ የተገኘ ነው። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዱት አጎቴ በ2016 ዓ.ም. ለዒድ አል-ፊጥር ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ከሻንጣቸው አንዲት ትንሽ ማሽን፣ ረጅም ቱቦና ጭምብል ወጣ። «ለምን እንደተሸከምኳት እንጃ፤ ከተውኳት ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አሉኝ። በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ መኪና እየነዱ አሸልበው ተሳፋሪው ጮሆ እንዳነቃቸው የነገሩኝ ግን ቆይተው፣ ባለቤታቸው ከክፍሉ ሲወጡ ነው።

ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላና የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ትንፋሽም ለ10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይቋረጣል። አካል ደንግጦ ይባንናል፣ መልሶ ያንቀላፋል፣ እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ የሚደርስበት ሰው አለ። ጠዋት ግን ድካሙን እንጂ መባነኑን አያስታውስም። ማንኮራፋትን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርገን የምንስቅበት እኛም ጥፋት አለብን።

የአጎቴ ማሽን ሲፓፕ ይባላል። ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ማሽኑ ኦክስጂን አይጨምርም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይከደን ይደግፋል። የግፊቱ መለኪያ ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ተማሪዎቼን የማስረዳው እንዲህ ነው፦ የለስላሳ መጠጫ ቀሰም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ አረፋ እስኪወጣ ንፉ። የተጠቀማችሁበት ግፊት 10 ነው። አብዛኛው ሲፓፕ ከ4 እስከ 20 ድረስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃው ልክ የሚታወቀው በሐኪም ቤት አድሮ እንቅልፉ ሲመረመር ወይም ማሽኑ ራሱ ግፊቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ለተወሰኑ ሌሊቶች ሲመዘግብ ነው።

ለአጎቴ የታዘዘላቸው 9 ነበር። ሁለት ወር ያህል ተስማማቸው። ከዚያ ባለቤታቸው ማንኮራፋቱን ዳግመኛ ሰሙ፤ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የሚያሳየው በሰዓት የመቋረጥ ቁጥርም ከ3 ወደ 11 ወጣ። ከ5 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ልጃቸው ብልህ ነው፤ ለሐኪም የተተወውን የተደበቀ ገጽ ከፍቶ ግፊቱን 13 አደረገው። አንኮራፋ፣ እንግዲያው አልበቃውም፣ እንግዲያው ይጨመር ማለት ነው ሒሳቡ። እኔም ብሆን ያንኑ ባደረግሁ ነበር።

ነገር ግን ግፊቱ አላነሰም ነበር። ጭምብሉ ፊት ላይ የሚያርፍበት ለስላሳ ጎማ አርጅቷል፤ የአጎቴም ጺም በረመዷን አድጓል። አየሩ በጺሙ መካከል እየሾለከ ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው አነሰ። ግፊቱ ሲጨመር ደግሞ ጭምብሉን ከፊት ላይ እየገፋ ይበልጥ አስለቀቀው። የቀረው አየር ወደ ሆድ ወረደ፤ አጎቴም ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሱና ሆዳቸው ሲነፋ አድረው ማሽኑን ወረወሩት። አየሩ ብዙ ሲያመልጥ ያ የጠዋት ቁጥር ራሱ የሚታመን አይደለም። ከዚህ የከፋም አለ፦ በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊት ሲበዛ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ መላኩን ያቆማል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ነው።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ አጎቴ ጥፋቱን በአዲስ አበባ ከፍታ ሊያሳብቡ ፈለጉ። «እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ከተጠቀምኳትም 15 ማድረግ አለብኝ» አሉ። የዛሬ ማሽኖች አብዛኞቹ የቦታውን ከፍታ ራሳቸው አውቀው ስለሚያካክሱ ለዚያ ብሎ ቁጥር መቀየር አያስፈልግም፤ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ግን መመሪያው ላይ ማየት ነው።

ቨርጂኒያ ወዳለው ሐኪማቸው ደወልን። ወደ 9 ይመለስ፣ ጎማው ይቀየር አሉ። ጺማቸውን እንዲላጩ የሚታዘዙ መስሏቸው አጎቴ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፍ፣ ጺም የማይነካ ጭምብል እንዳለ ነገሯቸው። የአየሩ መምጣት መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀው ሰውም «ራምፕ» የሚባለውን ቢያበራ ማሽኑ ከዝቅተኛ ግፊት ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ታዘዘው ይወጣል። ይህን ታማሚው ራሱ ሊነካው የተፈቀደ ነው። ዋናውን ቁጥር ለማስቀየር ግን፣ በተለይ ሰው በጣም ሲከሳ ወይም ሲወፍር፣ ማሽኑ የመዘገበውን ይዞ ወደ ሐኪሙ መሄድ ነው።

የተደበቀውን ገጽ እኛ ማግኘት አቃተን። መጨረሻ ላይ ያ ልጅ በስልክ «ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ጠብቁ» እያለ መራን። ጎማው እንደ ልብ ስላልተገኘ አሮጌውን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አጥበን፣ ማሰሪያውን አስተካክለን አሰርንላቸው። በሦስተኛው ሌሊት ቁጥሩ 6 ሆነ። መንገዱ ሁሉ ለዘመድ ጥየቃ ቢሆንም መኪና ግን እስኪመለሱ ድረስ እኔ ነበርኩ የምነዳላቸው።