የእህትማማች ከተሞች ስምምነት፦ ከፊርማው ባሻገር ለነዋሪው ምን ያስገኛል?

አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ከባሕር ማዶ ከተማ ጋር የእህትማማችነት ስምምነት መፈራረሙ በተሰማ ቁጥር ነዋሪዎች ሁለት ጥያቄዎችን ያነሳሉ። አንደኛው ስምምነቱ ለከተማዋ የሚያስገኘውን ጥቅም፣ ሁለተኛው ደግሞ ለግለሰብና ለቤተሰብ የሚከፍተውን ዕድል የሚመለከት ነው። ለሁለቱም ተገቢውን ምላሽ ለማግኘት የግንኙነቱን ምንነትና ወሰን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የግንኙነቱ መነሻ

የከተሞች እህትማማችነት በዛሬው መልኩ መስፋፋት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። በአየር ድብደባ ክፉኛ የተጎዳችው የእንግሊዟ ኮቨንትሪ፣ በውጊያ ከፈራረሰችው የሶቪየት ኅብረት ከተማ ስታሊንግራድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 የመሠረተችው ወዳጅነት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በጠሩት ጉባኤ፣ ዜጎች ከመንግሥታት ጎን ለጎን የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነትን እንዲያጠናክሩ ጥሪ አቀረቡ። የአሜሪካ ከተሞችን ከሌላው ዓለም ከተሞች ጋር የሚያስተሳስረው ሲስተር ሲቲስ ኢንተርናሽናል የተሰኘው ድርጅት መሠረቱ ይኸው ጥሪ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰላምን የሚፈራረሙት መሪዎች ቢሆኑም የሚያጸኑት ግን እርስ በርሳቸው የተዋወቁ ሕዝቦች ናቸው።

የኢትዮጵያ ከተሞች ተሞክሮ

የኢትዮጵያ ከተሞች ከመሠረቷቸው ግንኙነቶች መካከል በርካታዎቹ ከፊርማው የቀደመ ታሪክ አላቸው። የደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ለከፈሉት መሥዋዕትነት መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት በዚያች ከተማ ቆሟል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1968 ለምርቃቱ በስፍራው ተገኝተዋል። ቹንቾንና አዲስ አበባ እህትማማች የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፍቷል። ዝምድናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በሰነድ ጸና ማለት ይቻላል።

ሌሎች ግንኙነቶች በውጭ ከሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጋር የተሳሰሩ ናቸው። አክሱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ከዴንቨር ጋር፣ አዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር እህትማማች ናቸው፤ ሁለቱም የአሜሪካ ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። ጎንደርና በኦሪገን ግዛት የምትገኘው ኮርቫሊስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት ግንኙነት በበኩሉ የኮርቫሊስ ነዋሪዎች ባቋቋሙት ማኅበር አማካይነት በንጹሕ ውሃና በጤና ሥራዎች ላይ አተኩሯል።

ስምምነቱ የሚዘልቀው መቼ ነው?

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ስምምነቱን የሚፈርሙት ከንቲባዎች ናቸው፤ ከንቲባዎች ግን ይለወጣሉ። ብዙውን ጊዜ ሰነዱ ራሱን የቻለ በጀት አይመደብለትም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ከሆስፒታል፣ ማኅበር ከማኅበር ጋር ካልተሳሰረ፣ የልዑካን ጉብኝት ሲያበቃ ግንኙነቱም ይቀዘቅዛል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል የሚሠራው ዘመዱ ካልተጠያየቀ ነው፤ የሚጠያየቅ ዘመድ ርቀት አይበግረውም።

መደጋገፉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስስ ሊሆን አይገባውም። ከውጭ እርዳታ ብቻ የሚጠብቅ ከተማ አጋሩን ያሰለቻል። በአንጻሩ ቅርሱን፣ ባህሉን፣ የዕደ ጥበብ ሙያውንና የሥራ ልምዱን ይዞ የሚቀርብ ከተማ እንደ እኩያ ይታያል።

ስምምነቱ የማይሰጠው

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የውጭ ግንኙነት ፖሊሲን የማውጣትና ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የመዋዋል ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። ሁለት ከተሞች የሚፈራረሙት ሰነድ በሥልጣናቸው ክልል ለመተባበር የገቡት ቃል እንጂ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ውል አይደለም። በመሆኑም ለነዋሪዎች የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ የመስጠት ኃይል የለውም። ቪዛ የሚሰጠውም ሆነ የሚከለከለው በተቀባዩ ሀገር ሕግ፣ በእያንዳንዱ አመልካች ማመልከቻ መሠረት ነው። ለሥራ ወደ ውጭ የሚደረግ ስምሪትም በአዋጅ የሚመራ የራሱ ሥርዓት አለው።

ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። «ከተማችን ከእነርሱ ጋር እህትማማች ስለሆነች በልዑክ ስም እናስወጣችኋለን» በማለት ክፍያ የሚጠይቅ ግለሰብ ቢያጋጥም፣ ገንዘብም ሆነ ፓስፖርት ከመስጠት መቆጠብና ጉዳዩን ለከተማው አስተዳደር አቅርቦ ማረጋገጥ፣ የማታለል ምልክት ከታየም ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ጥሪቱን ከጨረሰ በኋላ እውነቱን ማወቁ ዘግይቶ ነው።

የነዋሪው ድርሻ

ግንኙነቱ ለመምህሩ፣ ለሐኪሙ፣ ለነጋዴውና ለወጣቱ የሚደርሰው በተጨባጭ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ያለው ተቋም ወይም ማኅበር ወደ ከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሲያመራ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ አዘጋጅቶ መቅረቡ ይረዳዋል፤ እነርሱም ሊቀረፍ የሚገባው ችግር፣ ሥራውን በኃላፊነት የሚመራው አካልና ለአጋሩ ከተማ በምላሹ የሚበረከተው ነገር ናቸው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖችም በአቅራቢያቸው ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ጋር በመመካከር የተወለዱበትን ከተማ አሁን ከሚኖሩበት ከተማ ጋር ማቀራረብ ይችላሉ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። የእህትማማችነት ሰነድም ሁለት ከተሞች የተለዋወጡት ቃል ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ግን ከፊርማው ማግስት ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ተቋሙና በየማኅበሩ በሚሠራ ሥራ ነው።