ከኢታንግ የመጣው ደብተር



ባለፈው ወር ከኢታንግ አንድ ወፍራም ደብተር ደርሶናል። የዚህች የባሮ ዳር ከተማ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እስከ 1983 ድረስ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የሱዳን ስደተኞች የተጠለሉባትን ዘመን ነው። ደብተሩ ግን የግጥም ነው። ባለቤቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን አባቱ በገበያው ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ጋምቤላ ከተማ ለምትማረው እህቱ የተቀመጠውን ገንዘብ ለማሳተሚያ ሊሰጡት ፈቅደዋል፤ እናቱ ግን ቅር ብሏቸዋል። ምን እንደምንመክረው ይጠይቀናል።

ግጥሞቹን አንብበናል። ስለ ወንዙ ሙላት የጻፋቸው አስደስተውናል። የፍቅሮቹ ግን፣ ወንድማችን አይቀየመንና፣ ከዘፈን የተቀዱ ይመስላሉ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአገራችን የግጥም መጽሐፍ በአመዛኙ የሚታተመው በገጣሚው ኪስ ነው። ወረቀት ከውጭ ስለሚመጣ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ነገሩ ብሷል። ማተሚያ ቤት ገንዘቡን በቅድሚያ ይፈልጋል፤ መጽሐፍ መደብር ግን የሚከፍለው ከሸጠ በኋላ ነው፤ ያውም ኮሚሽኑን ቀንሶ። እኛም በወጣትነታችን አንዲት ቀጭን መድበል አሳትመን ነበር። ግማሹ ለወዳጅ ዘመድ በነጻ ታደለ፤ የቀረው አልጋ ሥር ከርሞ የአይጥ ሲሳይ ሆነ። አንድ መደብር የወሰደብንን የ40 ቅጂ ሒሳብ እስከ ዛሬ አላየነውም።

ታላላቆቹስ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴአትር ቤት፣ ደበበ ሰይፉ በዩኒቨርሲቲ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሠሩ ነበር። የገብረ ክርስቶስ «መንገድ ስጡኝ ሰፊው» የታተመው በ1998፣ እርሱ በስደት ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የወሎው ሸይኽ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማዎችማ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ተጽፈው፣ በእጅ እየተገለበጡና በቃል እየተያዙ ነው የቆዩት።

ስለዚህ ወንድማችን፣ የእህትህን ገንዘብ አትንካ። ከደብተሩ 15 ግጥም ብቻ ምረጥና በትምህርት ቤታችሁ በሰው ፊት አንብብ፤ አድማጩ የት ላይ እንደሚያዛጋ ልብ በል። (እኛ ይህን ባለማድረጋችን ነው አይጥ የቀለብነው።) የነሺዳ አዘጋጆች ግጥም ይፈልጋሉ፤ ብትሰጣቸው ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙ ባለመብት አንተ ነህ፤ መብቱም በሕይወትህ ዘመን ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወደፊት ኢንሻአላህ ስታሳትም፣ ከሚፈልጉት ሰዎች ዋጋውን አስቀድመህ በደረሰኝ ተቀበልና በዚያው ልክ አሳትም።

ደብተርህን በፖስታ መልሰንልሃል። የወንዙን ሙላት ግጥም ግን ገልብጠን አስቀርተናል፤ በመጽሔታችን እንድናወጣው ከፈቀድህ ጻፍልን። ለእናትህ ሰላምታችንን አድርስልን።