ወይና ደጋ ላይ ተቀምጦ ነፋስ መሸመት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከፖለቲካ የራቀ ከመሰላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሬ ስለ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሰዉ በተለምዶ «ኤሲ» ስለሚለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በአገራችን ሙቀት ካለበት ይልቅ ሥልጣንና ገንዘብ ካለበት ዘንድ መተከል ይወዳል። በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በጎዴ፣ በመተማ ዮሐንስ ስንቱ በሽተኛ በካርቶን ቁራጭ ራሱን እያራገበ ይተኛል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ደግሞ ሹሙ ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ ለብሶ «ኤሲውን ክፈቱልኝ» ይላል። ኮቱን ቢያወልቅ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። መንግሥት የቆላውን ሙቀት እንደማያውቅ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ ያውቀዋል፣ ለዚያም ለሠራተኛው «የበረሃ አበል» ይከፍላል። አበሉን የተቀበለው ሠራተኛ የሚሠራበት ቤት ግን ያው ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው።

አዲስ አበባን ይህን ያህል ያሞቃት ምንድን ነው? ፀሐይዋ ድሮም ነበረች። የተለወጠው ቤቱ ነው። ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ በሁለቱም ወገን የተደረደሩትን ባለመስታወት ሕንፃዎች ተመልከቱ። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ወለሉና ዕቃው ላይ አርፎ ሙቀት ከሆነ በኋላ ግን እንደ ገባ መልሶ አያስወጣውም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ መስኮቶች አይከፈቱም፣ ወይም የምትከፈተው አንዲት ጠባብ ክንፍ ብቻ ናት። ይህ አሠራር ብርድ ካለባቸው አገሮች የመጣ ፋሽን ነው፤ ዱባይም ተቀብላዋለች፤ ነገር ግን ዱባይ ነዳጅ አላት። እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር ምድጃ የሚሆን ሕንፃ ሠርተን ጄኔሬተር አቆምንለት። በአንጻሩ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የእንጨት በረንዳና መዝጊያ የነበራቸው የፒያሳ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. በብዛት ሲፈርሱ፣ ከቅርስነታቸው ሌላ ያለአንዳች መሣሪያ ቀዝቅዞ የሚውል ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ማስተማሪያዎች እንደ ነበሩ ያስታወሰ ሰው ጥቂት ነው። ሕግና ደንብ አልነበረንም እንዳይባል፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስብስብ 11ኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ ሕንፃ አየር ዝውውርና ማቀዝቀዣ የተጻፈ ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

አዲስ አበባ ቢያንስ ገንዘብ አላት እንበል። እኔን ያስቆጣኝ በሽታው ወደ ደምበጫ መውረዱ ነው።

ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየች የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ለእናቷ ደምበጫ ላይ ቤት አሠርታለች። ባለፈው መጋቢት እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ «ጋሼ፣ ቤቱን እግዜር ይመስገን ጨርሰናል። እማዬ ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ውስጡ አልቀመጥም ብላ ጓሮ ትውላለች። ኤሲ ለማስገጠም ስንት ይፈጃል?» እርሷ ኤሲን የምታውቀው ከማዳሟ ሳሎን ነው፤ እርሷ የምትተኛበት ክፍል አልነበረውም።

ደምበጫ እኮ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቷ ጋቢ ያስደርባል። ታዲያ እናትየው ከአዲሱ ቤት ሸሽተው የሚውሉት የት ነው ብትሉኝ፣ ጓሮ በቀረው አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ምሥጢሩ ይኸው ነው። በጭድ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ጊዜ የተመረገ ወፍራም ግድግዳ የሌሊቱን ብርድ ይዞ እስከ ከሰዓት ያቆየዋል። አዲሱ ቤት ግን ግድግዳው ባዶ ሆድ ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ባለ35 ጌጅ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ የተከፈተ ሰፊ ሰማያዊ መስታወት ነው። ወደ ምዕራብ የሆነውም አስፋልቱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ፣ ቤቱም ለአላፊ አግዳሚው መታየት ስላለበት ነው። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ እንኳ አይመክታትም።

ወጪውን ለጠየቀችኝ ልጅ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ብነግራት ማታለል ይሆንብኝ ነበር። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ኤሲ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ከመሣሪያው በኋላ የመዳብ ቱቦው በሜትር ይገዛል። ጋዝ ይሞላል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ ይዘረጋል። የኤሌክትሪኩ ኃይል ስለሚዋዥቅ ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ እርሱን ያልገዛ በመጀመሪያው ክረምት ሞተሩን ያቃጥላል። ገጣሚው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ይጠራል። ከአዲስ አበባ ደምበጫ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ከተቀሰቀሰው ጦርነት ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሰውም የዕቃም ማጓጓዣ ዋጋ ምን ያህል እንደሚንር የጎጃም ሰው ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

ወርኃዊው ክፍያ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አንድን ክፍል የሚያቀዘቅዝ ባለ12,000 ቢቲዩ መሣሪያ ሲሠራ አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢከፈት በወር 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፍ ሲከለስ ለድኻው ተብሎ ሳይነካ የቀረው ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ድረስ ያለው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመታት እንዲጨምር ተወስኗል። አንዲት አሮጊት እናት ለምዕራብ መስኮታቸው ሲሉ ከእርከን እርከን ይወጣሉ ማለት ነው።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በዚህ ዘመን መብራትን ቢጨምር አይከፋም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ጀምሮ ጎጃሜው እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቦንድ ገዝቷል፣ ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ተመረቀ፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ዛሬም ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለው ገጠር እንጀራውን የሚጋግረው በባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አንድ ዐሥረኛው ለኤሲና ለቬንቲሌተር እንደሚውል አስታውቆ ነበር። በከንቱ ለሞቀ ሕንፃ የምናፈሰው ኃይል ከዚያ ጭራሮ ለቃሚዋ ምጣድ የተነጠቀ ነው።

«ታዲያ ወደ ሳር ክዳን እንመለስ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልሁም። ሳር ቤት ይቃጠላል፣ አይጥ ያራባል፣ በየጥቂት ዓመቱ መከደን ይፈልጋል፤ ደግሞስ ግጦሹ ሁሉ ታርሶ ሳሩ ከየት ይመጣል? ቆርቆሮ ለድኻ ገበሬ ትልቅ ዕረፍት ነው። የምቃወመው ቆርቆሮውን የልማት መለኪያ አድርጎ እየቆጠረ፣ ከሥሩ ያለውን ሰው ግን ያልቆጠረውን አስተዳደር ነው። «ይህን ያህል አባወራ የቆርቆሮ ቤት ባለቤት ሆነ» የሚል ስንት ሪፖርት አዳምጠናል። ኮርኒስ ያለው ስንቱ ነው የሚል ዐምድ አይቼ አላውቅም። ብዙው ቤት ኮርኒስ ቢኖረው እንኳ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። (በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያው ራሱ ሲጠፋ አርሶ አደሩ ለሰልፍ መውጣቱን አንዘነጋም፤ ከረጢቱም የተወደደው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።)

ለአክስቴ ልጅ የመለስሁላት ይህን ነው፦ ከቆርቆሮው ሥር በቂ ክፍተት ትቶ ኮርኒስ ይመታ። ከኮርኒሱ በላይ፣ በጣሪያው ሁለት ጫፍ፣ የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ወንፊት ለብሶ ይከፈት። የምዕራቡ መስኮት ግማሹ ይደፈን፤ ለቀረው የእንጨት መዝጊያ ይሠራለት፣ ፊቱም ላይ ዛፍ ይተከል። በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ትይዩ መስኮት ይውጣ፣ ሌሊት ይከፈት። ይህ ሁሉ የደምበጫ አናጢና ግንበኛ ሥራ ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ከተማ ይቀራል፣ በየወሩም ቢል አያመጣም። አስቀድሞ ታስቦበት ቢሆን ኖሮ መስኮቱን ለማዞር ተጨማሪ ሳንቲም ባላስወጣ።

አስቀድሞ የሚያስብ ግን ማን ነው? ልጅቱ ፈቃድ አውጥታ፣ ፕላን አስነድፋ፣ ለሁሉም ከፍላ ነው የሠራችው። ፕላኑ ላይ ማኅተም የመታው ባለሙያ ከአጥር ያለውን ርቀት ለክቷል፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትጠልቅ አልጠየቃትም። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በደምበጫም ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡ የምዕራብ መስኮትንና ኮርኒስን እንደ መጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ ይጠይቁ። የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴርም ያንን 11ኛ ክፍል ከመደርደሪያ አውርዶ፣ በሙቀት ቀጠናው ለይቶ፣ ለየከተማው በአማርኛም በሌላውም ቋንቋ ይበትን። በወይና ደጋና በደጋ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቢሮ ኤሲ ግዥ ሲጠይቅ መልሱ «መስኮት ክፈት» ይሁን፤ ለዚያ የተያዘው በጀትም በቆላ ከተሞች ላሉ የማዋለጃ ክፍሎች ይዛወር።